የአዱሊስ መርከቦች በቀን ምን ያህል ይጓዙ ነበር?

መኪና ከመምጣቱ አስቀድሞ ከመካነ ሰላም ወደ ደሴ በበቅሎ የሚሄድ መንገደኛ የመንገዱን ርቀት የሚቈጥረው በሚያድርባቸው ሌሊቶች ብዛት ነበር። ገደል ሲወርድ ዳገት ሲወጣ ውሎ፥ ማዶው በዓይኑ እየታየው ሳይደርስበት ይመሻል። የጥንት መርከበኞችም ባሕሩን የለኩት እንደዚሁ በቀንና በሌሊት ነው። ስለዚህ የመርከባቸውን ፍጥነት ለማወቅ የሚሻ ሰው አስቀድሞ «ሌሊት ይጓዙ ነበርን?» ብሎ መጠየቅ ይገባዋል።

በ6ኛው መቶ ዓመት የነበረው የቢዛንታይን ታሪክ ጸሐፊ ፕሮኮጲዎስ ይህን ልዩነት ስለ ቀይ ባሕር ሲጽፍ አጥርቶ አሳይቷል። በሰሜኑ በኩል ጠረፉን ይዘው የሚሄዱ መርከቦች፥ ባሕሩ ጥልቀት በሌላቸው ስፍራዎች የተሞላ ስለ ሆነ፥ ሲመሽ መልሕቅ ጥለው ያድራሉ። ከየመን ወደብ ከቡሊካስ ወደ አዱሊስ የሚሻገሩት ግን ሌሊትም ስለሚጓዙ፥ ነፋስ ከቀናቸው በ5 ቀንና በ5 ሌሊት ይደርሳሉ፤ በዚያ በኩል እንቅፋት የለም ይላል። ስለ ዳህላክ ደሴቶች የሰማ ሰው ይህን የመጨረሻውን ቃል ቢጠራጠር አይፈረድበትም።

እስቲ እናስላው። ከየመን የሞካ ጠረፍ እስከ አዱሊስ፥ ማለት ዛሬ በኤርትራ እስካለው እስከ ዙላ ባሕረ ሰላጤ፥ በባሕር 480 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ይህ ለ120 ሰዓት ሲካፈል በሰዓት 4 ኪሎ ሜትር ይሆናል። የበቅሎ እርምጃ ማለት ነው! ነገር ግን መርከብ ሣር አይግጥም፥ ጭነት አራግፎ አያርፍም፤ በአንድ ቀንና ሌሊት 96 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። በየምሽቱ ቢቆም ኖሮ ያው መንገድ 10 ቀን በፈጀ ነበር። በ9ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ለሳክሶኖቹ ንጉሥ ለአልፍሬድ ጉዞውን የነገረው ኦተሬ የተባለ የኖርዌይ ሰውም፥ ሌሊት ሌሊት መልሕቅ እየጣሉ ቢሄዱ በየቀኑ ነፋስ ቢቀና እንኳ የአገሩ ጠረፍ በአንድ ወር እንደማያልቅ ተናግሯል።

አሁን ወደ የብስ እንመለስ። ፕሮኮጲዎስ ከአዱሊስ እስከ አክሱም ያለውን መንገድ 12 ቀን ይለዋል። በካርታ ላይ በቀጥታ ቢለካ ግን 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ ከባሕር ዳር ተነሥቶ ከ2,000 ሜትር በላይ መውጣት አለና። እንግዲህ ከየመን ለንጉሡ የተላከ ደብዳቤ አብዛኛውን ጊዜ የሚያጠፋው በባሕሩ ላይ ሳይሆን በዳገቱ ነበር። ለአዱሊስ ነጋዴ ከገዛ ንጉሡ ከተማ ይልቅ ባሕር ማዶ ይቀርበው ነበር ቢባል ሐሰት አይሆንም። የደጋው መንግሥት ማዶ ተሻግሮ ለመግዛት ያሰበውም ያለ ምክንያት አይደለም።

ሆኖም 5ቱ ቀን የሚገኘው በወቅቱ ለተነሣ ብቻ ነው። በቀይ ባሕር ደቡብ በበጋ ነፋሱ ከደቡብ ምሥራቅ ይመጣል፤ ወደ የመን ለሚሄድ ፊት ለፊቱ ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ግን ከሰሜን ምዕራብ ይነፍሳል። ዐፄ ካሌብ በሒምያር ላይ በዘመቱ ጊዜ ገበዛ በተባለው የአዱሊስ ወደብ 70 መርከቦች ተሰብስበው ነበር፤ 60ው ከአይላ፥ ከቅሊስማና ከሌሎችም ወደቦች የመጡ፥ 10ሩ ንጉሡ በዚያው በጋ ያሠሯቸው። የዚያ ባሕር መርከቦች ሳንቃቸው በገመድ የተሰፋ እንጂ በምስማር የተመታ አልነበረም። እነዚህ ሁሉ ነፋሱ እስኪዞር ቆይተው፥ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ525 ዓ.ም. ከጰራቅሊጦስ በዓል በኋላ ተነሡ።