ሞተሩ በደረቁ ይክረም

ሰኔ ግም ሲል በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ዙሪያ መስኖ ያበቃል። ከላህ፣ ከብርና ከፈጣም ወንዞች ለሽንኩርቱና ለድንቹ ውሃ ሲስብ የባጀው ሞተር ጆንያ ለብሶ ጥግ ይይዛል። ባለቤቱ ናፍጣውንና ዘይቱን አይረሳም። የሚረሳው በሞተሩ ሆድ ውስጥ የቀረውን ውሃ ነው።

ባለ አንድ ሲሊንደር የናፍጣ ሞተር ብዙ ጊዜ ራዲያተር የለውም፤ አናቱ ላይ የውሃ ገንዳ አለው። ውሃው ሲሊንደሩን ከቦ ይፈላል፤ ሙቀቱን ይዞ ይተንናል። ፍኖተ ሰላም ከባሕር ወለል በላይ 1900 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ውሃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው። ተኖ የሚሄደው ግን ውሃው ብቻ ነው። ደለሉና ኖራው እንደ ማንቆርቆሪያ ግርጌ እዚያው ይጋገራሉ።

በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ የጀልባ ባለቤቶችም ክረምት ሳይገባ የሞተራቸውን ውሃ ያፈሳሉ፤ ውሃ በረዶ ሲሆን 9 በመቶ ያህል አብጦ ብረት ይሰነጥቃልና። የእነሱ ክረምት ውርጭ፣ የእኛ ዝናብ ነው። ቡሬ ላይ ሞተር የሚበላው ዝገት ነው።

ማፍሰሻው ከሲሊንደሩ ግርጌ ይገኛል። ሞተሩ ቀዝቅዞ ሲከፍቱት ምንም ጠብ ላይል ይችላል፤ «ባዶ ነው» ብሎ መልሶ መዝጋት ትልቁ ስሕተት ነው። ቀጭን ሽቦ አስገብተው ይነካኩት። መጀመሪያ እንደ ቡና አተላ የወፈረ ቀይ ጭቃ ይወጣል፤ ከዚያ የታፈነው ውሃ ይንዠቀዠቃል። ጥሩ ውሃ ከላይ እየጨመሩ እስኪጠራ ማጠብ፣ ከዚያም ማፍሰሻውን ክፍት ትቶ ማስነሻው እጀታ ላይ ጨርቅ ማሰር ነው፤ በጥቅምት የሚያስነሳው ልጅ ገንዳው ባዶ መሆኑን ይወቅ።

ፓምፑ ደግሞ ለብቻው ሌላ ሆድ አለው፤ በአየር በሚቀዘቅዘው የቤንዚን ሞተር ላይም ቢሆን ከታች ያለው ቡሎን ተፈቶ መፍሰስ አለበት። ዘንጉ ላይ ውሃ እንዳያልፍ የሚያግደው «ሲል» ሁለት የተወለወሉ ፊቶች የሚፋተጉበት ነው። ደለል ከደረቀበት ይጣበቃል፤ በመጀመሪያው ማስነሻ ይቦጨቃል። ስለዚህ በጥቅምት ከማስነሳት በፊት ዘንጉን በእጅ ማዞር ይበጃል።

በጥቅምት ገንዳውን ለመሙላት ከዝናብ ውሃ የተሻለ አይገኝም፤ ኖራ የለበትም። የመጀመሪያዎቹ ዝናቦች የቆርቆሮውን አቧራ ካጠቡ በኋላ ከጣራው አንድ ሁለት ጀሪካን ቀድቶ፣ ክዳኑን ገጥሞ፣ ከሞተሩ አጠገብ ማስቀመጥ ነው።