ለሕፃናት መኪና ከወዳደቀ እንጨት

በምሥራቅ ጎጃም በቢቸናና በሞጣ አካባቢ የሚያድግ የገበሬ ልጅ ለእረኝነት ሳይደርስ መጫወቻውን በእጁ መሥራት ይጀምራል። ቀደም ባለው ጊዜ የሚሠራው የጭቃ በሬና የአገዳ ቀንበር ነበር። ከደጀን ተነሥቶ በቢቸናና በሞጣ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚዘልቀው መንገድ አውቶቡሱንና አይሱዙውን በየመንደሩ ደጃፍ ማሳለፍ ከጀመረ ወዲህ ግን ከጭቃው በሬ ጎን መኪና ተሰልፏል።

መኪናውን ለመሥራት አካሉ ብዙም አያስቸግርም፤ ቁራጭ እንጨት የማይገኝበት ግቢ የለምና። የሚያስቸግረው ጎማው ነው። በመሆኑም ልጁ ክብ ነገር ፍለጋ ይወጣል። ቆርኪ፣ ያረጀ ሸበጥ፣ የፕላስቲክ ክዳን፣ ያገኘውን ሁሉ ያነሣል። አደጋውም የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ጤፍና ስንዴ በሚዘራበት በዚህ አካባቢ እንደ ቱ ፎር ዲ ያለው የአረም መድኃኒት ከተረጨ በኋላ ባዶው ጠርሙስ ከማሳ ዳር ተጥሎ የሚቀርበት ጊዜ አለ። ክዳኑ ክብና ጠንካራ በመሆኑ ለጎማ ተብሎ የተሠራ ይመስላል። ልጁ በጥርሱ ነክሶ ይከፍተዋል፤ በጋለ ሽቦ ሲበሳውም ጭሱን ይስባል። በክዳኑ ጥርስ ውስጥ ተጣብቆ የቀረው መድኃኒት አንድ ጊዜ በውኃ በመለቅለቅ አይለቅም። ልጅን መቆጣት ብቻውን መፍትሔ አይሆንም፤ ከክዳኑ የተሻለ ጎማ ሊሰጠው ይገባል።

የተሻለው ጎማ ከእንጨት የሚሠራው ነው። ብዙዎች የሚሳሳቱት እርጥብ የባሕር ዛፍ ግንድ እንደ ዳቦ ቆርጠው ጎማ ለማድረግ ሲሞክሩ ነው። እንጨት ሲደርቅ በቀለበቶቹ ዙሪያ የሚኮማተረው ከመሐል ወደ ዳር ከሚኮማተረው ይበልጣል። ስለዚህ እንደ ዳቦ የተቆረጠው ክብ ሳምንት ሳይሞላው ከመሐሉ እስከ ዳሩ ይሰነጠቃል። ጎማው በደንብ ከደረቀና 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ውፍረት ካለው ጣውላ ሊወጣ ይገባል። ዋንዛ ለመጋዝም ለሞረድም የሚመች በመሆኑ ከሁሉ ይመረጣል፤ ይሁን እንጂ ለመጫወቻ ሲባል ዋንዛ አይቆረጥም፤ በርና አልጋ የሚሠራ አናጢ የሚጥለው ቁርጥራጭ ይበቃል።

የቡና ሲኒ ከጣውላው ላይ ተደፍቶ አፉ በከሰል ይዞራል። አራቱም ጎማዎች በአንድ ሲኒ ከተለኩ እኩል ይሆናሉ። መሐሉን ለማግኘት በዚያው ሲኒ ልክ ወረቀት ቆርጦ ሁለት ጊዜ ማጠፍ ነው፤ እጥፋቶቹ የሚገናኙበት ነጥብ መሐሉ ነው። ከዚያም ማዕዘኖቹ በመጋዝ ይቆረጡና ዙሪያው በሞረድ ይስተካከላል።

ለአካሉ ርዝመቱ አንድ ስንዝር ከአራት ጣት፣ ስፋቱ 10፣ ውፍረቱ 4 ሴንቲ ሜትር የሆነ እንጨት በቂ ነው። በፊትና በኋላ፣ ከታችኛው ጠርዝ 1 ሴንቲ ሜትር ተኩል ከፍ ብሎ፣ ከጎን ወደ ጎን የሚያልፍ ቀዳዳ ይበሳል። የጋለ ብረት ከሆነ የሚበሳው በትልቅ ሰው እጅ ነው። ሁለቱ ቀዳዳዎች አቅጣጫቸው ካልተስተካከለ መኪናው ወደ ጎን ይሄዳል፤ ልጁም ይህን ከሠሪው ቀድሞ ያውቃል። ለዘንጉ የትንሽ ጣት ውፍረት ያለው ደረቅ የወይራ ጭራሮ ይመረጣል። ዘንጉ በአካሉ ቀዳዳ ውስጥ ላላ ብሎ ይዞራል፤ ጎማው ግን ከዘንጉ ጋር ጠብቆ መያያዝ አለበት። ዘንጉን ሰም ቢቀቡት ሳይጮህ ይሽከረከራል። በክረምት በመረሬ አፈር ላይ ግን አይሱዙውም ይቆማልና ከዚህ መኪና ብዙ አይጠበቅም።

ምስማር አያስፈልግም። የዛገ ምስማር የወጋው ልጅ የመንጋጋ ቆልፍ በሽታ ሊይዘው ይችላል። ከ3 ዓመት በታች ላለ ሕፃን የሚሰጥ መጫወቻ ወደ 32 ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው ቱቦ ውስጥ የሚገባ ቁራጭ ሊኖረው አይገባም፤ ሊታነቅበት ይችላልና። ቀለም ሳይቀቡት ቢቀር ይመረጣል። ያረጀ የዘይት ቀለም እርሳስ ሊኖርበት ይችላል፤ ሕፃንም የያዘውን ወደ አፉ ይወስዳል።

ቢቸናና ሞጣ የየአውራጃቸው ዋና ከተማ በነበሩበት በ1970ዎቹ በልዩ ልዩ የሀገሪቱ ክፍሎች የገበሬ ማኅበራት ሕፃናት ማቆያ ያቋቁሙ እንደነበር አንጋፋዎቹ ያስታውሳሉ። ዛሬ ሕፃናቱ የሚገኙት በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በተከፈተው ዜሮ ክፍል ነው። መጫወቻ የሌለው ዜሮ ክፍል ካለ የማኅበሩ መሪ ትምህርት ቤት ወይም መጋዘን ሲሠራ የሚተርፈውን ቁርጥራጭ ወደ ምድጃ ከመግባቱ በፊት ለአናጢ ሊያስረክብ ይችላል። አንድ አናጢ አንድ ጊዜ ለክቶ ብዙ ጎማ ቢያወጣ ሥራው ይቀልለታል።

የመድኃኒቱ ባዶ ዕቃ ጉዳይ ከዚሁ ጋር አብሮ የሚታይ ነው። ጠርሙሱ በርጭቱ ዕለት ሦስት ጊዜ ታጥቦ፣ እጣቢው ወደ መርጫው ተመልሶ ከማሳው ላይ ይረጫል። ከዚያም ለሌላ አገልግሎት እንዳይውል ተበስቶ፣ ከነክዳኑ ልጆች በማይደርሱበት ቁልፍ ባለው ቦታ ይሰበሰባል። በጓሮ ማቃጠልም ሆነ ወንዝ ውስጥ መጣል አይፈቀድም። አወጋገዱን በተመለከተ የወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ሊጠየቅ ይገባል። ክዳኑን ቆጥሮ የሚረከብ ሰው በየጎጡ ቢመደብ የጠፋው ክዳን ከየትኛው ልጅ መኪና ሥር እንዳለ ፈልጎ ማግኘት አያዳግትም።