«መጽሐፍ ቅዱስ ብቻ» ሲባል ትውፊት ይጣል ማለት ነው?

«ፕሮቴስታንት ትውፊት የለውም፤ ሁሉም መጽሐፉን ገልጦ እንደመሰለው ይተረጉማል።» ኦርቶዶክሱ ይህን ለነቀፋ ይናገረዋል፤ ብዙ ወንጌላዊ አማኝም በኩራት ይደግመዋል። ሁለቱም ተሳስተዋል።

የፕሮቴስታንት ተሐድሶ መሪ ማርቲን ሉተር በ1521 (እ.ኤ.አ.) በቮርምስ ጉባኤ ፊት የሮም ጳጳሳትም ሆኑ ጉባኤዎች ሊሳሳቱ እንደሚችሉ ተናገረ። ሲተረክ የምንሰማው አብዛኛውን ጊዜ እስከዚህ ድረስ ነው። ነገር ግን ከዘጠኝ ዓመት በኋላ የሉተር ባልደረባ ሜላንክቶን ያረቀቀው የአውግስበርግ የእምነት መግለጫ ስለ ሥላሴ ማስተማር የሚጀምረው የኒቅያን ጉባኤ ውሳኔ በመጥቀስ ነው። ሌላው የተሐድሶ መሪ ካልቪንም የኒቅያን፣ የቁስጥንጥንያን፣ የኤፌሶንንና የኬልቄዶንን ጉባኤዎች በአክብሮት ይቀበል ነበር። (ኬልቄዶንን የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን አትቀበልም፤ እዚህ ላይ ካልቪን ከአገራችን ሊቃውንት ይልቅ ለሮም ይቀርባል።)

ታዲያ ጠቡ በምን ነበር? በሥልጣን ቅደም ተከተል። የሮም ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የትሬንት ጉባኤ በ1546 ትውፊትን ከቅዱሳት መጻሕፍት ጋር በእኩል አክብሮት እንደሚቀበል ደነገገ። ለተሐድሶው መሪዎች ግን ትውፊት ምስክር እንጂ ዳኛ አይደለም፤ ይደመጣል፣ ይመዘናል፣ ከመጽሐፉ ከተጋጨም ይታረማል። የካልቪንን ፈለግ የተከተለው የዌስትሚኒስተር የእምነት መግለጫም ጉባኤዎች የእምነት መመዘኛ እንዳይሆኑ ከከለከለ በኋላ፣ ረዳት ሆነው እንዲያገለግሉ ይፈቅዳል።

«መንፈስ ቅዱስ ካስተማረን የአበው ትርጓሜ ለምን?» የሚሉም አሉ። ይህ ግን ብቻውን እንደማይበቃ ታሪክ ያሳያል፤ በ1529 ሉተርና የስዊዘርላንዱ የተሐድሶ መሪ ዝዊንግሊ ማርቡርግ ላይ ተገናኝተው ስለ ጌታ እራት ተከራከሩ። መጽሐፋቸው አንድ፣ ጸሎታቸውም የልብ ነበር፤ ሳይስማሙ ተለያዩ። ዛሬም ሉተራኑ፣ ባፕቲስቱና ጴንጤቆስጤው ስለ ጌታ እራት የሚናገረውን ያንኑ ክፍል የሚያነቡት በየቤታቸው የተማሩትን ትርጓሜ ይዘው ነው። «እኔ መጽሐፍ ቅዱስን ብቻ ነው የማነበው» የሚል ሰው ትውፊት አለው፤ የማን እንደሆነ ግን አላወቀም። ሳያውቀው የያዘውን ደግሞ ሊመረምረው አይችልም።

ሌላው ቀርቶ የአዲስ ኪዳን ማውጫ ራሱ በትውፊት የደረሰን ነው። ሃያ ሰባቱን መጻሕፍት ዛሬ በምናውቃቸው መጠን ለይቶ በ367 በደብዳቤው የዘረዘረው የእስክንድርያው አትናቴዎስ ነው፤ ፍሬምናጦስን፣ የእኛን አባ ሰላማን፣ ጳጳስ አድርጎ የላከልን እርሱ። ፕሮቴስታንቱ «ቤተ ክርስቲያን መጻሕፍቱን ለየች እንጂ ሥልጣን አልሰጠቻቸውም» ብሎ ይመልሳል፤ ክርክሩ ጠንካራ ነው። ቢሆንም የለዩትን ሰዎች ምስክርነት ማመኑ አልቀረም።

በአገራችንም የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን የሐዋርያትን፣ የኒቅያንና የአትናቴዎስን የእምነት መግለጫዎች ትቀበላለች። ወንጌላዊ አንባቢ ሆይ፣ ቤተ ክርስቲያንህ የተቀበለችውን የእምነት መግለጫ ፈልገህ አንብብ፤ ከዚያም ከመጽሐፍ ቅዱስህ ጋር አስተያየው።