ጀጎልን አንድ ዙር

አዲስ ገብ ተማሪ ሐረርን መጀመሪያ የሚያውቃት በአፉ ነው። ሻንጣውን ዶርም ጥሎ ሲኒየሮቹን ተከትሎ ፈረስ መጋላ ሲደርስ ሳምቡሳው ከዘይት እየወጣ ነው፤ የተጠቀለለበት ወረቀት ወዲያው ወዝቶ ጣት ያሳያል። ሻዩ በብርጭቆ ይመጣል፤ ስኳሩ ከሥር ተኝቷል። የማግስቱ ቁርስ እንቁላልና ማር ያለበት ፈጢራ ነው። በሦስተኛው ቀን የሀላዋ ሱቆቹን ያገኛቸዋል።

ከወራት በኋላ ለእረፍት ቤቱ ሲገባ ሱሪው ወገቡ ላይ እምቢ ብሏል። እናቱ ግን ደስ ብሏታል፦ «ተመስገን፣ ሞላ ብለህ መጣህ!» ጎረቤቷም «ግቢው ተስማምቶሃል» ትላለች። መወፈር የድሎት ምልክት በሆነበት ቤት «ምን ሆነህ ነው?» ብሎ የሚጠይቅ አይገኝም።

አሜሪካኖች ለዚህ ነገር ስም አውጥተውለታል፤ «ፍሬሽማን 15» ይሉታል። በአንደኛ ዓመት ይጨመራል የሚባለው 15 ፓውንድ፣ ማለትም ወደ 7 ኪሎ ነው። «ሰቨንቲን» የተባለው የልጃገረዶች መጽሔት በ1989 እ.ኤ.አ. በሽፋኑ ላይ ካወጣው ወዲህ አባባሉ ተዛመተ። ቁጥሩ ግን የተጋነነ ነበር። በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ የመረመረ ትንታኔ አማካይ ጭማሪው 1.4 ኪሎ ገደማ እንደሆነ አሳይቷል። ወደ 40 በመቶ የሚሆኑት ጭራሽ አልጨመሩም፤ የጨመሩት ለብቻ ሲታዩ ግን አማካያቸው 3.4 ኪሎ ነበር።

እኛ አገር ግቢ ገብቶ የሚከሳም አለ። ኖን ካፌ ሆኖ ገንዘቡ ወሩ ሳይጋመስ የሚያልቅበት ተማሪ የውፍረት ወሬ ያስቀዋል። ለሚወፍረውም ቢሆን ተከሳሹ የካፌው ሽሮና ምስር አይደለም። ጣጣው ያለው ሰዓቱ ላይ ነው። እራት በጊዜ ይበላል፣ ጥናቱ እኩለ ሌሊትን ያልፋል፣ አራት ሰዓት ላይ ሆድ ይጮኻል። በዚያ ሰዓት እጅ የሚገባው ብስኩት፣ ቦንቦሊኖና ለስላሳ ነው።

ሂሳቡን ማየት ይቻላል። 300 ሚሊ ሊትር ኮላ 32 ግራም ገደማ ስኳር አለው፤ ስምንት የሻይ ማንኪያ መሆኑ ነው። ሦስት ሦስት ማንኪያ የገባባቸው ሁለት ሻዮች ሲጨመሩ 56 ግራም ይሞላል። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ አዋቂ ሰው በቀን ከ50 ግራም ያህል እንዳያልፍ፣ ቢቻል ከ25 እንዳይበልጥ ይመክራል። እንጀራው ገና አልተነካም።

ሐረር ላይ ሌላም ነገር አለ፤ ጫት። አወዳይ ቅርብ ነው፤ ፈተና ሲቃረብም «ለማንበብ» ተብሎ በርጫ ይያዛል። ቅጠሉ ውስጥ ያለው ካቲኖን የምግብ ፍላጎትን ይዘጋል፣ እንቅልፍን ያባርራል። «እንግዲያው ያከሳል እንጂ!» የሚል አይጠፋም። በርጫ ግን ብቻውን አይቀመጥም፤ ለስላሳው፣ ጣፋጩ ሻይና የባቢሌ ኦቾሎኒ አብረውት ናቸው። ምርቃናውን ለመስበር ጨብሲ ከተከተለ ቢራውም ይደመራል። እራት ይዘለላል፣ ሌሊቱ በቁም ያልፋል፣ በማግስቱ ረሃቡ ከነወለዱ ይመጣል።

የእንቅልፉ ነገር ቀልድ አይደለም። ሰው ለሁለት ሌሊት እንኳ እንቅልፍ ሲያንሰው ረሃብን የሚቀሰቅሰው ግሬሊን ከፍ፣ ጥጋብን የሚያበስረው ሌፕቲን ዝቅ እንደሚል በ2004 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት አሳይቷል። የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የጤናና ሕክምና ሳይንስ ኮሌጅ እዚሁ ሐረር ከተማ ስለሆነ፣ እነዚህን ሆርሞኖች ለፈተና ሸምድዶ ሌሊቱን በለስላሳ የሚያነጋ ተማሪ እዚህ ማግኘት አይከብድም።

ለሌሊቱ ረሃብ ከካፌ የተረፈ ዳቦ፣ ቆሎ ወይም የተቀቀለ እንቁላል ይበቃል። ኦቾሎኒውም ቢሆን አንድ እፍኝ ተለክቶ ሲበላ ጥሩ መክሰስ ነው፤ ጥፋቱ ከላስቲኩ እየዘገኑ መጨረሱ ላይ ነው። ሻይ ላይ ስኳሩን በየሳምንቱ ግማሽ ማንኪያ የቀነሰ ሰው ምላሱ ሳያኮርፍ ይለምደዋል።

ከዚያ በኋላ የሚቀረው እግር ነው። ጂም በየወሩ ያስከፍላል፤ ጀጎል ግን በነፃ ነው። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አሚር ኑር ያሠሩት ግንብ ዙሪያው 3.5 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከሸዋ በር ተነስቶ በፈላና፣ በኤረር፣ በሰንጋና በቡዳ በር ዞሮ መመለስ ፈጠን ብሎ ለሚራመድ 45 ደቂቃ ያህል ይፈጃል። የዓለም ጤና ድርጅት በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ እንቅስቃሴ ይላል፤ አራት ዙር 180 ይሆናል። ከተማዋ ከባሕር ወለል 1,885 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ስለሆነች ከቆላ የመጣ ተማሪ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ዳገቱ ላይ እያለከለከ ይወጣል።

ዙሩ ሸዋ በር ላይ ያልቃል። ወቅቱ ከሆነ ጊሽጣ፣ ዘይቱንና ካዝሚር የሚሸጡ ሴቶች እዚያ ቁጭ ብለዋል። ተማሪው ሁለት ጊሽጣ ይገዛል። ጊሽጣ ቶሎ ቶሎ አይበላም፤ ጥቁር ፍሬውን አንድ በአንድ እየለዩ መትፋት ነው። ባጃጅ ከኋላው ጡሩምባ ይነፋል፣ «ዶርም?» ይለዋል ሹፌሩ። አፉ ሞልቷልና በእጁ ብቻ «ሂድ» ይለዋል።