የነርቭ ሕዋስ ያረጀ ፕሮቲኑን የት ያደርሰዋል?

የቆዳ ሕዋስ ሲያረጅ ይረግፋል፤ ሌላ ይተካዋል። የአንጀት ሽፋንም በጥቂት ቀናት ይታደሳል። አብዛኞቹ የአንጎል ነርቭ ሕዋሳት ግን ይህ ዕድል የላቸውም። ከልደት በፊት የተሠሩት፣ ሰውየው 80 ዓመት ቢኖር 80 ዓመት አብረውት ይኖራሉ። በውስጣቸው ያሉት ፕሮቲኖች ግን ያን ያህል አይቆዩም፤ ይጣመማሉ፣ ይጣበቃሉ፣ ያረጃሉ። ታዲያ ያረጀው የት ይገባል?

ያደረ እንጀራ በየቤታችን አይጣልም፤ ይደርቅና ድርቆሽ ሆኖ ፍርፍር ይሠራበታል። ሕዋስም እንዲሁ ነው። ስስ ሽፋን ብቅ ብሎ ያረጀውን ነገር እየከበበ ያድጋል፤ ጫፍና ጫፉ ሲገጥም ድርብ ሽፋን ያለው ከረጢት ይሆናል። ከረጢቱ ከሊሶሶም ጋር ይዋሐዳል። ሊሶሶም ውስጥ አሲድና ፈጪ ኢንዛይሞች አሉ፤ ፕሮቲኑን እስከ አሚኖ አሲድ ድረስ ይበጣጥሱታል። በዚያ አሚኖ አሲድ ሕዋሱ አዲስ ፕሮቲን ይሠራል። የሥራው ስም አውቶፋጂ ነው።

ይህን በዓይን ማየት ለረጅም ጊዜ ከባድ ነበር፤ ከረጢቱ ተሠርቶ ብዙም ሳይቆይ ይፈጫልና። በ1988 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) በቶኪዮ ዩኒቨርሲቲ የራሳቸውን ላቦራቶሪ የከፈቱት ዮሺኖሪ ኦሱሚ አንድ መላ ዘየዱ። ፈጪ ኢንዛይም የጎደለው እርሾ ወስደው አስራቡት። በጥቂት ሰዓታት ውስጥ የእርሾው ቫኩዮል፣ የእርሾ ሊሶሶም ማለት ነው፣ ሳይፈጩ በቀሩ ከረጢቶች ተሞላ። የመጨረሻው እርምጃ ሲቀር የመጀመሪያው ታየ። በ1993 ለሥራው የሚያስፈልጉ 15 ጂኖችን ለይተው አሳወቁ፤ በ2016 የሕክምና ኖቤልን ለብቻቸው ተሸለሙ። ያንን በከረጢት የታጨቀ እርሾ አንባቢ በልቡ ይያዝልኝ።

ምግብ ሲኖር ኤምቶር የተባለ ፕሮቲን አውቶፋጂን ጨቁኖ ይይዘዋል፤ አሚኖ አሲድ ሲያንስ ይለቀዋል። ይህ ከረሃብ ጋር ያለው ዝምድና እኛ ዘንድ ብዙ አስወርቷል፤ ኖቤሉ የተሰጠው ለጾም ነው የሚሉ አሉ። የተራበው እርሾ ነበር። በሕይወት ባለ ሰው አንጎል ውስጥ አውቶፋጂ ምን ያህል እየሠራ እንደሆነ የሚለካ የሆስፒታል ምርመራ የለም፤ ይህን ያህል ሰዓት ጹም፣ አንጎልህ ይታደሳል የሚለው ቁጥር ከአንጎል ተለክቶ አልመጣም። ጿሚ የሚጾምበት ከዚህ የሚበልጥ ምክንያት አለው። ኢንሱሊን የሚወስድ የስኳር ሕመምተኛ ግን በዚህ ወሬ ተነሥቶ፣ ሐኪሙን ሳያማክር ምግብ ቢተው ስኳሩ በአደገኛ ሁኔታ ሊወርድበት ይችላል፤ ይህን ሳልናገር ማለፍ አልወድም።

ደግሞም የነርቭ ሕዋስ ፈተናው ሥራውን ከመጀመር ይልቅ መጨረስ ላይ ይመስለኛል። ከወገብ አካባቢ ተነሥቶ እግር ጣት የሚደርስ የነርቭ ክር 1 ሜትር ያህል ሊረዝም ይችላል። ከረጢቱ ብዙውን ጊዜ የሚሠራው በክሩ ጫፍ ነው፤ በደንብ የሚፈጩት ሊሶሶሞች የሚበዙት ግን በሕዋሱ አካል አካባቢ ነው። ስለዚህ ከረጢቱ ያን ሁሉ መንገድ በሞተር ፕሮቲኖች እየተጎተተ መመለስ አለበት። የሚከፋፈል ሕዋስ የተጠራቀመበትን ለልጆቹ አካፍሎ ይቀልለታል፤ የነርቭ ሕዋስ ግን አይከፋፈልም፣ ያልፈጨውን ተሸክሞ ይኖራል።

በ2006 ሁለት የጃፓን ቡድኖች በአይጦች የነርቭ ሕዋስ ውስጥ ብቻ የአውቶፋጂ ጂን አጠፉ፤ አንዱ ኤቲጂ5ን፣ ሌላው ኤቲጂ7ን። ለአይጦቹ የበሽታ ጂን አልተሰጣቸውም። ሆኖም በነርቮቻቸው ውስጥ ፕሮቲን ተጠራቀመ፣ እንቅስቃሴያቸው ተዛባ፣ ሕዋሳቱም ሞቱ። እኔን ከሁሉ የሚያስደነግጠኝ ይህ ነው፤ መርዝ መጨመር አላስፈለገም፣ የዕለት ተዕለቱን ሥራ ማስቀረት ብቻ በቃ። በሰውም ቢሆን ገና በወጣትነት ከሚጀምሩት የፓርኪንሰን ዓይነቶች አንዳንዶቹ የሚነሡት ፒንክ1 ወይም ፓርኪን የተባሉት ጂኖች ሲበላሹ ነው፤ የሁለቱ ሥራ የተበላሸ ሚቶኮንድሪያን፣ የሕዋሱን ኃይል ማመንጫ ማለት ነው፣ ለይቶ ለከረጢቱ መጠቆም ነው።

ዕድሜ ሲገፋ ሊሶሶሙም ይደክማል። መፍጨት ያቃተው ቅሪት፣ ሊፖፈስሲን የተባለው ቡናማ ነገር፣ በአረጋውያን ነርቭና ልብ ውስጥ ይጠራቀማል። በ2005 በኒው ዮርክ የራልፍ ኒክሰን ቡድን የአልዛይመር ሕሙማንን የአንጎል ናሙና በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲመረምር፣ ያበጡ የነርቭ ክሮች በከረጢት ታጭቀው አገኘ። ያው የኦሱሚ እርሾ መልክ ነው፤ ከረጢቱ ተሠርቷል፣ ያረጀውን ይዟል፣ የሚፈጨው ግን አጥቷል። በ2022 ደግሞ ቡድኑ የአልዛይመር ጂን በተሰጣቸው አይጦች ላይ፣ በአልዛይመር አንጎል የሚጠራቀመው የአሚሎይድ ፕሮቲን ክምችት ከሕዋስ ውጭ ከመታየቱ አስቀድሞ የሊሶሶሙ አሲድ እንደሚዳከም አሳየ።

አሲዱ ከተዳከመ ኢንዛይሙ ቢኖርም አይፈጭም። እንዲህ ላለ ሕዋስ አውቶፋጂን የሚቀሰቅስ መድኃኒት ብቻ መስጠት፣ በታጨቀው ላይ ሌላ ከረጢት መጨመር ሊሆን ይችላል። አንዳንድ ተመራማሪዎች የሊሶሶሙን አሲድ የሚመልስ መድኃኒት በአይጦች ላይ የሚሞክሩትም ለዚህ ነው።