ብዙ ያነበበ አይስትምን?

ኮምፒዩተር በኢንተርኔት ላይ እጅግ ብዙ ስላነበበ ቃሉ አይስትም የሚለው እምነት በሥራ ፈቶች ጨዋታ ተወስኖ ቢቀር ኖሮ በፈገግታ ባለፍነው ነበር፤ ነገር ግን በፈረንጆች አቆጣጠር በ2023 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ሁለት ጠበቆች፣ ቻትጂፒቲ የተባለው ፕሮግራም ከራሱ ፈጥሮ የሰጣቸውን፣ ከቶ ያልተሰጡ ፍርዶች እንደ እውነተኛ አድርገው ለፌዴራል ዳኛ በማቅረባቸው ከነድርጅታቸው 5,000 ዶላር እስከ መቀጣት ደርሰዋል።

እምነቱ ፈጽሞ መሠረት የለውም ማለት ግን ግፍ ይሆናል። በዚያው በፈረንጆች አቆጣጠር በ2010 ዓ.ም. ፒትስበርግ በሚገኘው በካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ፣ በፕሮፌሰር ቶም ሚቸል መሪነት የተጀመረው «ኔል» የተባለው ፕሮግራም፣ ሊቃውንቱ «ከተማ»፣ «ስፖርት» ለመሳሰለው ምድብ ሁሉ ከ10 እስከ 15 የሚሆን ምሳሌ ሰጥተውት፣ ሌሊትና ቀን ድረ ገጽ እያነበበ፣ አንድ ነገር በልዩ ልዩ ስፍራ ተመስክሮ ሲያገኘው እምነቱን ያጸና ነበር፤ ይህም ምስክር ሲበዛ ነገር ይጸናል ከሚለው የዳኝነት ልማድ ብዙ አይርቅም። ዓመቱ ሳያልቅ የሰበሰበው ዕውቀት ወደ 390,000 ሲጠጋ፣ ትክክሉ ከመቶ 87 ያህል ተገምቷል፤ አፈ ቀላጤዎቹ የሚነግሩን ስለ 87ቱ ብቻ ነው።

የቀሩት 13ቱ ግን ከቍጥራቸው ይልቅ መዋለዳቸው ያስፈራል። ድረ ገጾች በአንባቢው ኮምፒዩተር ላይ የሚያኖሯት «ኩኪ» የምትባል ትንሽ ፋይል አለች፤ ኔል በስም ከምትመስላት ብስኩት ጋር አምታቶ ከዳቦና ከኬክ ወገን መደባት፤ ቀጥሎም ሰዎች ኩኪ ሰረዝን እንደሚሉ ፋይልም ሰረዝን ማለታቸውን አይቶ፣ የኮምፒዩተር ፋይል ሁሉ ከምድጃ የሚወጣ ምግብ ነው ብሎ ደመደመ። የትናንቱ ስሕተት ለዛሬው መምህር ሆነ፤ ሰው ገብቶ እስኪያርመውም ድረስ የምስክሮቹ ብዛት አላዳነውም። ከንባብ ቤት ሳይወጣ መምህረ ትርጓሜ ተብሎ የተሾመ ተማሪ ቢኖር ይህን ይመስል ነበር።

ኔል ያለ መምህር ይማራል መባሉም ከንቱ ነው፤ ምድቡን የሰጡትም ያረሙትም ሰዎች ናቸው። ኮምፒዩተር ያነበበውን እንደ ቤተ መጻሕፍት አኑሮ ያወጣልናል የሚሉም አሉ፤ እንደ ቻትጂፒቲ ያሉት የዛሬዎቹ መሣሪያዎች ግን ከንባባቸው የሚይዙት በአብዛኛው የትኛው ቃል የትኛውን እንደሚከተል የሚገምቱበትን የቍጥር ሚዛን ነውና፣ እነዚያ የኒው ዮርክ ጠበቆች ያቀረቧቸው ፍርዶች ቅርጻቸው ያማረ፣ ነገራቸው ባዶ የሆነው ስለዚህ ነው። በንባብ ብቻ እውነተኛ ዕውቀት ይገኝ እንደ ሆነ እኔ ቈርጬ ለመናገር አልደፍርም።

«ያላነበበው የለም» ለሚሉት፣ የእንግሊዝኛው ዊኪፔዲያ ከ6 ሚሊዮን በላይ መጣጥፍ ሲኖረው የአማርኛው ወደ 15 ሺህ ገደማ መሆኑን፣ በየገዳማቱ ካለው ብራናም ፎቶግራፍ ተነሥቶ እንኳ ወደ ኮምፒዩተር ፊደል ያልተገለበጠው እጅግ ብዙ መሆኑን ማስታወስ ይበቃል።