የማኬሬሬ ኮረብታና ግርጌው

የኡጋንዳ ዋና ከተማ ካምፓላ በብዙ ኮረብቶች ላይ የተመሠረተች ናት። ከእነዚህ አንዱ ማኬሬሬ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1922 በአሥራ አራት ተማሪዎች የተጀመረው የቴክኒክ ትምህርት ቤት ዛሬ ታላቅ ዩኒቨርሲቲ ሆኖ በኮረብታው አናት ላይ ይገኛል። በዚያ መንገዱ የተቀየሰ፣ በሕንፃና በሕንፃ መካከል ያለው ቦታም ሰፊ ነው። ወደ ግርጌው፣ ወደ ኪቩሉና ወደ ኪኮኒ ሲወረድ ግን ቤት ከቤት ይጠጋል፤ መተላለፊያውም ይጠባል። ልዩነቱ ከነዋሪው ስንፍና የመጣ አይደለም። ከላይ ያለው መሬት በአንድ ተቋም እጅ የቆየ ሲሆን፣ ከታች ያለው የብዙ ባለይዞታዎች ነው።

መሬት በአንድ እጅ መሆኑ ለከተማ ምን ይጠቅማል? አንድ ማዘጋጃ ቤት የራሱን ሰፊ ቦታ ለቤት መሥሪያ ሲያውል ሁሉን ባንድ ቀን አይሸጥም። በመጀመሪያ ቦታውን ያስለካል፤ የመንገዱን፣ የውኃ መውረጃውንና የቧንቧውን መሥመር በካርታ ላይ ያሰፍራል፤ ቀጥሎም ለነባሩ መንገድ የቀረበውን ክፍል ብቻ አዘጋጅቶ ለገዢ ያቀርባል። ከዚህ በተገኘው ገንዘብ የሁለተኛውን ክፍል መንገድ ይሠራል፤ እንዲህ እያለም ይቀጥላል። ሁሉ ባንድ ጊዜ ቢሸጥ ዋጋው ይወድቃል። ከዚያም የከፋው፣ ባለገንዘቦች ሰፋፊ ቦታ ይዘው ዋጋ እስኪወደድ ድረስ ጦሙን ያሳድሩታል። ለገበያና ለትምህርት ቤት የሚሆነውም ቦታ አስቀድሞ ካልተከለለ በኋላ አይገኝም።

በካምፓላ ይህ አሠራር ከመነሻው እንቅፋት ገጥሞታል። እ.ኤ.አ. በ1900 እንግሊዝና የቡጋንዳ መንግሥት በተዋዋሉት ውል የቡጋንዳ መሬት በማይል ካሬ እየታሰበ ለካባካው፣ ማለትም ለንጉሡ፣ ለመሳፍንቱና ለሹማምንቱ ተከፋፈለ፤ ሌላው ለእንግሊዝ ዘውድ ሆነ። የተከፋፈለው መሬት ከመለኪያው ስም ተወስዶ «ማይሎ» ተባለ። በማይሎ መሬት ላይ ባለርስቱም፣ ኪባንጃ የሚባለውን ይዞታ የያዘው ጭሰኛም መብት አላቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1928 የወጣው ሕግ ጭሰኛው በዘፈቀደ እንዳይነቀል ከልክሏል። ፍትሐዊ ሕግ ነበር፤ ለከተማ ቀያሽ ግን ሥራውን እጥፍ አደረገበት።

እ.ኤ.አ. በ1930 እና በ1951 የወጡት የከተማ ፕላኖች በዋናነት ያተኮሩት የቅኝ ግዛቱ አስተዳደር በሚያዝበት ክፍል ላይ ነበር። ሰፈርን በዘር የለዩ በመሆናቸውም ነቀፋ ይገባቸዋል። የቡጋንዳ መዲና መንጎ የራሷ አስተዳደር ነበራት፤ ከካምፓላ ጋር የተቀላቀለችው እ.ኤ.አ. በ1968 ነው።

እ.ኤ.አ. በ1975 የኡጋንዳ መንግሥት መሬትን ሁሉ የሕዝብ አደረገ። በዚያው ዓመት፣ ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ በኢትዮጵያ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ ቁጥር 47 የመንግሥት ሆነ። ከዚያ ወዲህ የሁለቱ አገሮች መንገድ ተለያየ። በኢትዮጵያ መሬት አይሸጥም፤ በ1986 ዓ.ም. በወጣው የሊዝ አዋጅ መሠረት የመጠቀም መብቱ ለተወሰነ ዘመን መሰጠት ጀመረ። በኡጋንዳ ግን የ1995ቱ ሕገ መንግሥት ማይሎን መልሶ አጸና። ከተማው በሚያዝበት መሬት ላይ ያለው ልማድ ሌላ ነው፤ ሊዝ የሚወስድ ሰው በቅድሚያ አምስት ዓመት ይሰጠዋል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ በፕላኑ መሠረት ከሠራ ዘመኑ ወደ 49 ወይም ወደ 99 ዓመት ይራዘምለታል።

የማኬሬሬ ግርጌ ግን ይህን ሥርዓት አልጠበቀም። ከ1990ዎቹ ጀምሮ በራሳቸው ገንዘብ የሚማሩ ተማሪዎች በበዙ ጊዜ ባለቦታዎች በኪኮኒ የተማሪ ማደሪያ ፎቆች እየሠሩ ማከራየት ያዙ። አንዱ ከሌላው ጋር ሳይመክር፣ እያንዳንዱ በራሱ ቦታ ልክ ሠራ፤ ቤቱ ቀድሞ ቆመ፣ መንገዱና የውኃ መውረጃው ተከተለ። ዛሬ በዚያ አንዲት ጠባብ መንገድ ለማስፋት የሚፈልግ አስተዳደር በመንገዱ ዳር ካሉት ባለርስቶችና ባለኪባንጃዎች ጋር በየተራ ተነጋግሮ ለእያንዳንዳቸው ካሣ መክፈል አለበት።